መቃኞ የሌለው እድሳት

«ሕንፃው በእድሳት ላይ ስለሆነ ለሚደርስባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን፤ መደበኛ ሥራ ግን አይቋረጥም።» ውድ አንባብያን፣ ይህን የመሰለ ማስታወቂያ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተለጥፎ ያላነበበ ሰው በከተሞቻችን ይገኛል ብዬ አልገምትም። የማስታወቂያው የመጀመሪያ ክፍል እውነት ነው፤ አቧራውና መዶሻው ይመሰክራሉ። ሁለተኛው ክፍል ግን ተስፋ ነው። ሥራው የማይቋረጠው ማን፣ የት ተቀምጦ፣ በየትኛው መዝገብ ሲሠራ እንደሆነ ማስታወቂያው አይናገርም። ይህን የሚጠይቅም እምብዛም አይገኝም።

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ጦርነትና ሰላም በሚጻፍበት ዘመን ስለ ቢሮ ቀለምና ኮርኒስ መጻፍ ቅንጦት መስሎ የሚታየው ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ አንድ ኅብረተሰብ የሚሠራበትን ቤት እንዴት እንደሚያድስ ማየት፣ መንግሥቱንና ተቋማቱን እንዴት እንደሚያድስ ለማወቅ ጥሩ መስኮት ነው። ስለዚህ ከቤት ልጀምር፤ ወደ መንግሥቱ ኋላ እንመለሳለን።

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሥራ «መቃኞ» የሚባል ነገር አለ። ነባሩ ቤተ መቅደስ አርጅቶ እንደገና ሊሠራ ሲታሰብ፣ ወይም አዲስ ደብር ሲተከል፣ ዋናው ሕንፃ እስኪጠናቀቅ ድረስ ታቦቱ የሚያርፍበትና ቅዳሴው የሚቀደስበት መጠነኛ ቤት ይሠራል። ከእንጨትና ከጭቃ ሊሆን ይችላል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ውበቱን አይጠይቀውም። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ ይሏል። መቃኞው ይቀድማል፤ ማፍረሱ ይከተላል። «ቅዳሴ አይታጎልም» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ ደብር የለም፤ አለመታጎሉ በመቃኞው ተረጋግጧልና።

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። ጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከመቆርቆሯ በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት ለረጅም ዘመን የኖሩት በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ቢነቀልና ቢተከልም የእያንዳንዱ ሹም ቦታ የታወቀ ነበር። ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች የሚሉት ማዕረጎች ከዚሁ የሰፈር አሠራር የወጡ ናቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ፣ ሌላው በደጅ። ቤቱ ይንቀሳቀሳል እንጂ ባለሥራው መቀመጫውን አያጣም። እንግዲህ ሥራ ሳይቋረጥ ቤት መለወጥ ለአባቶቻችን እንግዳ ጥበብ አልነበረም ማለት ነው።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችን ግን የተወለደው በሌላ መንገድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሥራውን ሲጀምር በጣት የሚቆጠሩ መምህራንና ጥቂት ተማሪዎች ነበሩት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና የወንድማቸው የግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። የኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው አደባባይ ወጡ። በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ባለሥልጣናትም በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በጥይት ተደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሊኖሩበት አልወደዱም። ግቢውን ለትምህርት ሰጡ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ።

ያ ግቢ ከዚያም በፊት ብዙ አይቷል። ተሠርቶ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፋሺስት ኢጣሊያ ያዘው፤ የእንደራሴዎቿም መቀመጫ ሆነ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚያው ነው፤ የሦስቱ ቀን ጭፍጨፋም ከዚያ ተነሣ። ዛሬም ከሕንፃው ፊት የሚታየው ደረጃ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት እንዲቆጥር ኢጣሊያውያን ያቆሙት ነው። ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃው አልፈረሰም፤ ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። ከአንድ ሺህ ንግግር የበለጠ የሚያስተምር እድሳት ይህ ይመስለኛል።

በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ሆነው፣ በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሥር ሰደደ። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንደነበሩ ተጠብቀው፣ በዙሪያቸው መጻሕፍትና ቅርሶች ተደረደሩ። የሥልጣን ቤት የዕውቀት ቤት ሆነ፤ ይህ በራሱ ታላቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ቤት ከነዋሪው ቀድሞ የሚያወርሰው ልማድ አለ። ቤተ መንግሥት የሚሠራው ለደጅ ጥናት ነው። ውጭ በር አለው፤ ከበሩ ቀጥሎ ማረፊያ፣ ከማረፊያው ቀጥሎ የእልፍኝ አስከልካይ ስፍራ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ባለሥልጣኑ። የዛሬዎቹን የዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤቶቻችንን አሠራር ይመልከቱ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በጡብና በመስታወት የተሠሩት እንኳ የተቀረጹት በዚሁ አምሳል ነው። የፕሬዚዳንቱ ክፍል ሰፊ፣ የጸሐፊዋ ክፍል የእልፍኝ አስከልካይ፣ ወንበሩ የደጅ ጠኚ። መምህሩ ተማሪውን የሚያማክርበት ክፍል የሚታሰበው ከሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ «እድሳት» ሲባል ገንዘቡ አስቀድሞ ወዴት እንደሚፈስ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ሌሎች ምን አደረጉ? የእንግሊዝ ፓርላማ ታሪክ አስደናቂ ነው። የግምጃ ቤቱ ሒሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት የተያዘው በእንጨት ላይ በሚቀረጽ ምልክት ነበር። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1826 ቀረና እንጨቶቹ ቦታ የሚያጣብቡ ኮተት ሆኑ። ጥቅምት 16 ቀን 1834 እ.ኤ.አ. ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል በመኳንንቱ ምክር ቤት ሥር ባለው ምድጃ እንዲቃጠሉ ታዘዘ። ምድጃው ከልክ በላይ ጋለ፤ በዚያችው ሌሊት የዌስትሚኒስተር ቤተ መንግሥት አብዛኛው ክፍል ነደደ። የሕዝብ ተወካዮቹ ምክር ቤት ሰነዶች አብዛኞቹ ወደሙ። የመኳንንቱ ምክር ቤት መዛግብት ግን ራቅ ብሎ በቆመ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ይቀመጡ ስለነበር ተረፉ። ለቢሮ ጽዳት ተብሎ የተለኮሰ እሳት የአንድን መንግሥት ትዝታ በላ፤ ቀድሞ የታሰበበት አንድ ግንብ ደግሞ ግማሹን አዳነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ንጉሡ የራሳቸውን የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት እንዲጠቀሙበት ቢጋብዟቸው የምክር ቤቱ ሰዎች አልተቀበሉም። ከቃጠሎ በተረፉት አዳራሾች ላይ ጣሪያ አስጠግነው ጉባኤያቸውን እዚያው ቀጠሉ። የቻርልስ ባሪ አዲስ ሕንፃ በዙሪያቸው ሲነሣ ሕግ ማውጣታቸውን አላቆሙም። መኳንንቱ ወደ አዲሱ አዳራሽ የገቡት በ1847፣ ተወካዮቹ ደግሞ በ1852 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ጥግን ያገኘ አሮጌ አዳራሽ በእኛ ቋንቋ መቃኞ ይባላል።

ሁልጊዜ ግን ቤቱ ውስጥ ሆኖ ማደስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን የሚኖሩበት ዋይት ሐውስ ሊፈርስ እንደተቃረበ መሐንዲሶች አረጋገጡ፤ የልጃቸው የፒያኖ እግር ወለሉን ሰንጥቆ ገብቶ ነበር። የውጭው ግድግዳ ብቻ ቀርቶ ውስጡ በሙሉ ወጣ፤ በምትኩ የብረት አጥንት ገባለት። ቤተሰቡ ከመንገድ ማዶ ወዳለው ብሌር ሐውስ ተዛወረ፤ ፕሬዚዳንቱ ግን በምዕራቡ ክንፍ ባለው ቢሮአቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። መቃኞም ዋጋ አለው፤ በኅዳር 1950 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች በብሌር ሐውስ ላይ አደጋ ጥለው አንድ የጥበቃ ፖሊስ ተገደለ። ቢሆንም በ1952 ቤተሰቡ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እዚህ ላይ የሚታየው ቁም ነገር፣ መልቀቅ ግድ ሲሆን የት እንደሚኬድም፣ መቼ እንደሚመለስም፣ ማን እንደሚመለስም መታወቁ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እንምጣ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በጦርነቱ መካከል በ1943 እ.ኤ.አ. ለራዳር ምርምር የቆመ «ሕንፃ 20» የሚባል የእንጨት ቤት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ እንዲፈርስ ታስቦ የተሠራ መቃኞ ነበር፤ የፈረሰው ግን በ1998 ነው። ቤቱ አያምርም፤ በጋ ይሞቃል፤ ግድግዳው ስስ ነው። ነገር ግን ተመራማሪው ገመድ ለማሳለፍ ሲፈልግ ማንንም ደጅ ሳይጠና ግድግዳውን ይበሳ ነበር። የሥነ ልሳን ሊቁ ኖአም ቾምስኪን ጨምሮ ብዙ አዲስ አስተሳሰብ ያፈለቁ ሰዎች በዚያ ሠርተዋል። በቦታው የተተካው በታላቅ አርክቴክት የተነደፈ ዘመናዊ ሕንፃ በ2004 ከተከፈተ በኋላ፣ ተቋሙ በ2007 ስለ ውኃ ማፍሰስና ስለ መሰነጣጠቅ ክስ እስከ መመሥረት ደርሷል። ውድ የሆነ ሁሉ ለሥራ አይመችም።

ሁለተኛው ምሳሌ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ነው። የተማሪዎች ተቃውሞ አሜሪካን ባናወጠበት ዘመን ማግሥት ዩኒቨርሲቲው አርክቴክቱን ክሪስቶፈር አሌክሳንደርንና ባልደረቦቹን ጠርቶ የግቢ ፕላን እንዲያወጡለት ጠየቀ። ሥራው በ1975 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል። እነ አሌክሳንደር የተለመደውን በቀለም ያጌጠ ካርታ አላመጡም፤ ያመጡት ስድስት መርሖዎችን ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ለእኛ ይበቁናል። አንደኛ፣ ምን ይሠራ፣ እንዴትስ ይሠራ የሚለውን የሚወስኑት በቤቱ የሚገለገሉት ሰዎች ይሁኑ። ሁለተኛ፣ እድገቱ በትንንሽ ሥራዎች ይሁን፤ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ግዙፍ ሕንፃ ላይ አይፍሰስ። ሦስተኛ፣ የትኛው ስፍራ ሕይወት እንዳለውና የትኛው እንደሞተ በየዓመቱ ተመርምሮ ይመዝገብ። የመጨረሻው ነገር ሐኪም በሽተኛውን ከመቁረጡ በፊት እንደሚመረምረው ያለ ነው። ምርመራ ያልቀደመው እድሳት ጤነኛውን ጥርስ ነቅሎ የታመመውን ሊተው ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በማውቀው አንድ ተቋም፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የመምህራን ቢሮዎች የሚታደሱት ፈተና በሚታረምበት ሰሞን ነበር። ማስታወቂያው ዓርብ ከሰዓት ተለጠፈ፤ ሠራተኞቹ ሰኞ ጠዋት መዶሻቸውን ይዘው መጡ። የየክፍሉ ፋይል በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቆ ኮሪደር ላይ ተከመረ። አምስት መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተመደቡ። የክፍሉ ጸሐፊ ኮምፒውተሯን በላስቲክ ሸፍና፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ የተማሪ ጥያቄ ታስተናግድ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎቼን ለአንድ መንፈቅ ያማከርኳቸው በጥድ ዛፍ ሥር ነው፤ ለዝናብ ቀን ግን ዛፍ አይበቃም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አንዲት ተመራቂ ተማሪ በስህተት የተመዘገበባት ውጤት እንዲስተካከል ቅጹ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ በፋይሏ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፋይሏ ከጆንያዎቹ በአንደኛው ገባ። ጆንያዎቹ አንድ ቀን «የማያስፈልግ ወረቀት» ተብለው ተጭነው ሄዱ። ልጅቷ ማስረጃዋን በጊዜው ባለማግኘቷ የቀጠራት መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው ተካ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ክሬም ቀለም ተቀባ፤ ኮርኒሱ በጂፕሰም ተሠራ፤ ሪባንም ተቆረጠ። የእንግሊዞቹ እንጨት በእኛ ዘንድ ጆንያ ሆኖ መጣ፤ ልዩነቱ የእኛ እሳት ጭስ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ስለ አቧራውም አንድ ቃል ልበል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች በጣሪያ ክዳናቸው፣ በወለል ንጣፋቸውና በቧንቧ ሽፋናቸው አስቤስቶስ አለባቸው፤ የቆየ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ማንኛውም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር እንደሚያስከትል የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጧል። ቁሱ ሳይነካ ከተቀመጠ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ሲሰበርና ሲፋቅ ግን የማይታይ ብናኙ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ብናኝ ከሁሉ ይልቅ የሚተነፍሱት የቀን ሠራተኞቹና በየማታው ወለሉን የሚጠርጉት የጽዳት ሴቶች ናቸው። በሪባኑ ቆረጣ ላይ ግን ስማቸው አይነሣም።

«ታዲያ ምን ይደረግ? አሮጌ ቢሮ ውስጥ እየማቀቃችሁ ኑሩ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጀት በሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል፤ ጨረታው ይዘገያል፤ ስለዚህ አስተዳደሩ ያገኘውን ቀን ይዞ ይሮጣል። ችግሩን አውቀዋለሁ። ነገር ግን መቃኞ ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከጂፕሰሙ ያነሰ ነው። ሕንፃውን ፎቅ በፎቅ ከፍሎ ማደስ፣ አስቀድሞ አንድ ባዶ ክፍል ማዘጋጀት፣ ጩኸት ያለበትን ሥራ ከክፍለ ጊዜ ውጭ ማድረግ፣ የሚሠራበትን ክፍል በላስቲክ መጋረጃ መለየት፣ ፋይሉን ቆጥሮና አስፈርሞ ለመዝገብ ቤት ማስረከብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ንድፉ ሳይጸድቅ የሚሠራበትን ሰው መጠየቅ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የሚያያዝ አንድም የለም። የሚጎድለው ከገንዘቡ በፊት ለባለሥራው ያለን ግምት ነው።

ወደ መንግሥቱ እንመለሳለን ብዬ ነበር። የእኛ ፖለቲካ ችግር ቤት አለማደሱ አይደለም፤ በየዘመኑ ያድሳል። የሚያድሰው ግን ነዋሪውን በማስወጣት ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ተላከ። የዘመቻው ዓላማ በጎ ጎን ነበረው፤ መሀይምነትን መዋጋት ማን ይጠላል? ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ዳግም ሲከፈት በርካታ ወንበሮች ባለቤት አልነበራቸውም፤ ግማሹ ሞቶ፣ ግማሹ ታስሮ፣ ግማሹ ተሰድዶ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ተሰናበቱ። ግድግዳው አልተነካም፤ ቢሮዎቹም በቦታቸው ነበሩ። በበሮቹ ላይ የነበሩት ስሞች ግን ተፋቁ። ለመምህራኑ መቃኞ አልተዘጋጀላቸውም፤ የመመለሻ ቀንም አልተቆረጠላቸውም። ከእነርሱ ጋር የሄደውን ዕውቀት የትኛውም አዲስ ሕንፃ አልተካውም።

ዛሬ ሁኔታው በአንድ ነገር ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294፣ ራስ ገዝ የሚሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘባቸውንና ንብረታቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ይህ ማለት «በጀቱ አስገድዶን ነው» የሚለው ምክንያት ቀስ በቀስ ዕድሜው ያጥራል። ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው በሩ ተቆልፎብኝ ነው ሊል አይችልም። ራስ ገዝነት የሚፈተነው በትልልቅ ጉባኤዎች ብቻ አይደለም፤ አንድ ኮርኒስ ከመውረዱ በፊት ከሥሩ የሚቀመጠው መምህር፣ ጸሐፊና ጽዳት ሠራተኛ ተጠይቀዋል ወይ በሚለው ትንሽ ጥያቄም ይፈተናል። ይህን ትንሽ ጥያቄ የማይመልስ ተቋም ትልቁን ይመልሳል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ነገ በር ላይ «ሥራ አይቋረጥም» የሚል ወረቀት ከመለጠፉ በፊት ከሥሩ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ ባለሥራው የሚሄድበት ክፍል ቁጥር፣ የሚመለስበት ቀን፣ መዝገቡን የተረከበው ኃላፊ ስም። እነዚህ ሦስቱ ከተጻፉ እድሳቱን ደስ ብሎን እንታገሠዋለን፤ አቧራውንም እንችለዋለን። ካልተጻፉ ግን ማስታወቂያውን የለጠፈው አካል ያደሰው ግድግዳ ብቻ እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ።

ቸር ይግጠመን።